ለሁሉ የወጣች ፀሐይና መቀበያዋ

በጎንደርና በዙሪያው ባሉ ጉባኤ ቤቶች ምሥጢረ ሥላሴ ሲብራራ ከሚቀርቡት ምሳሌዎች የፀሐይን ያህል ተደጋግሞ የሚሰማ የለም፤ ፀሐይ አንዲት ሳለች ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት እንዳላት፣ በክበቧ አብ፣ በብርሃኗ ወልድ፣ በሙቀቷ መንፈስ ቅዱስ እንደሚመሰሉ መምህራኑ ያስተምራሉ። ምሳሌው የተነገረው አንድነትና ሦስትነት እንዴት እንደሚስማሙ ለማመልከት ነውና የፀሐይን ምድራዊ ጥቅም እንዲያስረዳ ማስገደድ ከልኩ ማውጣት ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ አድርጎ ያስቀምጣል፦ ክበቧ ከሰማይ ሳይወርድ ብርሃኗና ሙቀቷ ወደ ሰው ይደርሳሉ፤ ሰው የሚቀበለውም እነዚህን ሁለቱን ነው። ዛሬ የፀሐይ ኃይል የሚባለው ሁሉ፣ ጣራ ላይ ከሚሰቀለው ሰሌዳ ጀምሮ ሰሌን ላይ እስከሚሰጣው በርበሬ ድረስ፣ ወይ ብርሃኗን ወይ ሙቀቷን የመቀበል ብልሃት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። ወንጌል እንደሚያስተምረው እግዚአብሔር ፀሐይን ሲያወጣ ደጉን ከክፉው አይለይም፤ ስጦታው አድልዎ የለበትም። ይሁን እንጂ ብርሃኗ የማታ መብራት፣ ሙቀቷም የበሰለ ምግብ ይሆን ዘንድ መቀበያ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃው የሰው እጅ ሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ለሁሉ እኩል የተሰጠ ጸጋ ዕቃ ላለው ብቻ የሚደርስ ከሆነ አሁንም የሁሉ ነው ሊባል ይችላልን? ጥያቄው የምጣኔ ሀብት ብቻ መስሎ ሊታይ ቢችልም መሠረቱ የሃይማኖት ነው፤ ስጦታ ምን እንደሆነና ተቀባዩ ምን ግዴታ እንዳለበት ይጠይቃልና።

በሥነ ፍጥረት ትምህርት ብርሃን የተፈጠረው እሑድ ሲሆን ፀሐይ ግን ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። ብርሃን ከፀሐይ መቅደሙ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያመራምር የኖረ ነገር ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ባስተማረው ትምህርት ፀሐይ ቀድሞ ለተፈጠረው ንጹሕ ብርሃን መጓጓዣ ትሆን ዘንድ ኋላ እንደተሠራች ገልጿል። ይህ አስተያየት ከተያዘው ጥያቄ አንጻር ሲመዘን ክብደቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ፀሐይ ራሷ የብርሃን ባለቤት ሳትሆን የተቀበለችውን የምታደርስ ዕቃ ናት ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም ሰው በባሕር ዓሣ፣ በሰማይ ወፍና በምድር በሚንቀሳቀሰው እንስሳ ላይ እንዲሠለጥን ሲፈቅድ በፀሐይ ላይ ግን ሥልጣን አልሰጠውም፤ እንዲያውም ቀኑን እንድትገዛ የተሾመችው እርሷ ናት። ስለዚህ ሰው የፀሐይን ኃይል ገዛሁ ወይም አስገበርኩ ቢል አነጋገሩ ከእውነታው ይርቃል፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ከደጁ የደረሰውን የሚይዝበት ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም ይህንኑ ሥርዓት በሌላ መንገድ ያሳያል። ሙሉ ቃሉ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ የሆነው ይህ መጽሐፍ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትገባ፣ ዓመቱም በዚህ ጉዞ 364 ቀናት እንደሚሆን ይተርካል፤ በጎንደር ቤተ መንግሥት የቆየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት በቁርጥራጭ ነበር። በሄኖክ ትረካ ፀሐይ ከታዘዘላት ደጅ ዝንፍ የማትል አገልጋይ ናት። የሰማይ አካላት ከአምልኮ ምልክትነት መውረዳቸው በታሪክም ይታያል፤ በአክሱም ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በወጡት ሳንቲሞች ላይ ክብ ቅርጽና ግማሽ ጨረቃ ተቀርጸው ይታዩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቦታቸውን መስቀል ወሰደው። የእስልምና ሥርዓትም የስግደትን ሰዓት በፀሐይ አካሄድ እየለካ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ አናት ላይ ስትቆምና ስትጠልቅ ግን ሶላት እንዳይሰገድ ይከለክላል፤ ዓላማውም ሰጋጁ ፀሐይን ከሚያመልኩት ጋር እንዳይመሳሰል ነው። በጎንደር ከተማ ጎን ለጎን የሚኖሩት እምነቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም ፀሐይ ፈጣሪ ሳትሆን ፍጡር፣ ጌታ ሳትሆን አገልጋይ በመሆኗ ላይ አንድ ናቸው።

የደጋው ሕዝብ ይህችን አገልጋይ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ብልሃት ሲያሠራት ኖሯል፤ ሰሌዳና ባትሪ ከመምጣታቸው በፊት የፀሐይ ኃይል አልነበረም ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ገብሱ አውድማ ላይ የሚወቃው የበጋው ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ነው፤ ለጠላ የሚሆነው ብቅል ተዘፍዝፎ ከበቀለ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ለሽሮ የሚሆነው ጥራጥሬ፣ ከገበታ የተረፈው እንጀራ ለድርቆሽ፣ ሁሉም በየተራ ሰሌን ወይም ጀንዲ ላይ ይዘረጋል። ስጥ ጠባቂ ሆኖ ዶሮና ወፍ የሚከላከለው ልጅ ወይም አረጋዊ ነው፤ ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፣ ትኩረት ግን ይፈልጋል። የመጻሕፍቱ ብራናም የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ የተገኘ ነው፤ ጀምስ ብሩስ የወሰዳቸው የሄኖክ ቅጂዎች ስለ ፀሐይ ደጆች የሚተርኩት ፀሐይ ባደረቀችው ቆዳ ላይ ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን እንኳ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዘቢብ፣ ማለትም ከደረቀ የወይን ፍሬ ይዘጋጃል።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕፃናትን የማለዳ ፀሐይ ማሞቅ ነው። የሰው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ቫይታሚን ዲ የተባለውን አጥንት የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፤ በብርድና በሰው ዓይን ፍርሃት ተሸፋፍኖ በጨለማ ቤት የሚያድግ ሕፃን ይህን ሲያጣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይጎብጣል፤ በሕክምና ሪኬትስ የሚባለው በሽታ ይኸው ነው። እዚህ ላይ መቀበያው ዕቃ የሕፃኑ ገላ ነው፤ አይገዛም፣ አይሸጥም፣ የሚያስፈልገው የእናት ዕውቀትና ጊዜ ብቻ ነው። የጥንቱ ብልሃት ሁሉ ጠባይ ይህ ነበር፤ ሰሌንና ጀንዲ የሌለው ቤት ስለማይገኝ በድሀና በባለጠጋ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው በሚሰጣው እህል ብዛት እንጂ በፀሐይዋ አልነበረም።

ኩበት ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት ይኖርበታል። እበት በእጅ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ማገዶ ይሆናል፤ ዛፍ በራቀበት ደጋ ብልሃቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን እበቱ የአፈሩ ድርሻ ነበርና ምድጃው የሚበላው የሚመጣውን ዓመት አዝመራ ነው። እንጨትም ቢሆን ሌላ ነገር አይደለም፤ ዛፉ በብዙ ዓመት ያጠራቀመውን የፀሐይ ብርሃን ምድጃ በጥቂት ማታ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እስኪወጣ ድረስ ከታዩት ችግሮች አንዱ ግጦሽ፣ እርሻና የሰፈራ ጫና በዱሩ ላይ መበርታቱ ነበር። ሰው በሰፈረበት ሁሉ ማገዶ ይፈለጋልና የደጋው ምድጃ ጥያቄ እንግዲህ የዱሩም ጥያቄ ነው።

አዲሱ መቀበያ በተለምዶ ሶላር የሚባለው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በአብዛኛው የሚሠራው ከአሸዋ ከሚወጣው ሲሊከን ሲሆን፣ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚፈጥሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ከቦታቸው ተነቅለው በአንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስነሣ እንደሚችል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሰሌዳ ግን በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የታየው በ1954 ነው። ጥርት ባለ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1,000 ዋት የሚያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ጥሩ ሰሌዳ ከዚህ አንድ አምስተኛውን፣ 200 ዋት ገደማ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኢትዮጵያ በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለምታገኝ አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል፤ ኪሎዋት ሰዓት 1,000 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ መለኪያ ነው።

ለጎንደርና ለሰሜን ተራሮች ደጋ ሁለት ነገሮች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ብርድ ነው፤ ሰሌዳው የሚሻው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ የሲሊከኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በእኩል ብርሃን ሥር 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ደባርቅ የተሰቀለ ሰሌዳ በመተማ ቆላ ከተሰቀለው ወንድሙ የበለጠ ይሰጣል። ሁለተኛው አቀማመጥ ነው፤ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ በሁለቱ መካከል ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሰማዩ የሚጠራው በእነዚህ በኋለኞቹ ወራት ስለሆነ ሰሌዳው ወደ ደቡብ በመጠኑ ቢዘነብል ይበጃል፤ ዝንባሌው የክረምቱ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል።

ይሁን እንጂ ሰሌዳ የኩራዝን ቦታ በቀላሉ ቢወስድም የምድጃን ቦታ ለመውሰድ ይቸገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ 3,500 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ አንዲት እመቤት አንድ ሰዓት እንጀራ ብትጋግር ሦስት ወይም አራት ካሬ ሜትር ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ታጠፋለች። ሙቀትን በቀጥታ የሚቀበለው የፀሐይ ሳጥን ምድጃ፣ ማለትም ውስጡ ጠቁሮ ላዩ በመስታወት የተከደነ ሣጥን፣ ስዊዘርላንዳዊው ኦራስ ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1767 ከሞከረው ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሙቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀራል፤ ምጣድ የሚፈልገው ደግሞ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ምጣድ ለማሸጋገር የተደረገው ምርምር የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው፤ በሌላ አገር የተሠራ የፀሐይ ምድጃ ሩዝና ሾርባ እንዲያበስል እንጂ እንጀራ እንዲጋግር አልታሰበምና። የሣጥኑ ምድጃ ለወጥና ለንፍሮ ግን ይመቻል። በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና አተር ለመብሰል ረጅም ጊዜና ብዙ ማገዶ ይወስዳሉ፤ በዝግታ የሚያበስል፣ ማገዶ የማይጠይቅ ሣጥን የሚያገለግለው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ምናልባት የሚጣለውን መልሶ ዕቃ ማድረግ ነው። ሀይላንድ እየተባለ የሚጠራው ባዶ የውኃ ጠርሙስ ጥርት ባለ ውኃ ተሞልቶ ቆርቆሮ ላይ ለስድስት ሰዓት፣ ደመና ሲበዛ ለሁለት ቀን ቢጋደም፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ በውኃው ውስጥ ያሉትን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል፤ የደፈረሰ ውኃ ግን ጨረሩን ስለሚያግድ አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት። ያው ጠርሙስ ውኃና ጥቂት በረኪና ተጨምሮበት በቆርቆሮ ጣራ ቀዳዳ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ሆኖ ቢተከልና ዙሪያው በደንብ ቢደፈን፣ የቀኑን ብርሃን ወደ ጨለማው ቤት በትኖ የ40 ወይም የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ ይህን ያገኘው ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2002 ነው። በረኪናው ውኃው እንዳይሻግት ያደርጋል። መስኮት በሌለው ቤት በቀን ኩራዝ ለሚያበሩ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እነዚህ ብልሃቶች በጎንደር ምድር አንድ ጥንታዊ የሃይማኖት ጥያቄን ያድሳሉ። በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው ሰንበትን ያለ ምድጃና ያለ መብራት ያሳልፉ ነበር፤ ምግቡም አስቀድሞ የተዘጋጀና የቀዘቀዘ ነበር። በእነርሱም በኦርቶዶክሳውያንም ዘንድ የተከበረው መጽሐፈ ኩፋሌ በሰንበት እሳት ማንደድን አጥብቆ ይከለክላል። ቤተ እስራኤል በጥንት ዘመን የማያውቁት፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ ግን አንድ ልዩነት ያደርጋል፤ እሳት ላይ ማብሰል በሰንበት የተከለከለ ሲሆን ፀሐይ ላይ በቀጥታ ማብሰል አልተከለከለም፤ ክርክሩ ፀሐይ ባሞቀችው ሌላ ነገር ስለሚበስለው ነው። በልዩነቱ ውስጥ ጥልቅ አስተሳሰብ አለ። እሳት ሰው ካልጀመረው አይነድም፣ ካልመገበውም አይቆይም፤ የሚበላው ነገርም ይፈልጋል። ፀሐይ ግን ሰው ሲያርፍም ትሠራለች፤ ዓርብ ቆርቆሮ ላይ የተጋደመ የውኃ ጠርሙስ ቅዳሜ የማንም እጅ ሳይነካው ይነጻል።

በ1450 እ.ኤ.አ. በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስኖ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ በሬውና አራሹ በሰንበት ያርፋሉ። እንጨት ለቅማ፣ ኩበት ጠፍጥፋ፣ በጭስ ውስጥ ለምትጋግር ሴት ግን ምድጃው ዕረፍት ሰጥቷት አያውቅም። የሰንበት ሕግ ባሪያውና ከብቱ እንኳ እንዲያርፉ የሚያዝ ከሆነ፣ ከማገዶ ሸክም የሚያሳርፍ ማንኛውም ዕቃ ከሕጉ መንፈስ ጋር ይስማማል፤ የፀሐይ ምድጃ የመጀመሪያ ዋጋውም ከሚቆጥበው ገንዘብ ይልቅ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፍትሕ ጥያቄ መመለስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ሕዝቡ ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመሩ ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ መንገዶች እንዲደርሰው አቅዶ ነበር። ያ ዓመት አልፏል፤ ገደልና ሸለቆ በሚለያያቸው የሰሜን ጎንደር ጎጦች ግን ዛሬም ብዙ ቤት ጨለማ ነው። ሶላር የሚገዙትም ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሊከፍሉ ስለማይችሉ በየጊዜው እየከፈሉ የሚጠቀሙበት አሠራር መጥቷል፤ ደንበኛው ክፍያውን በሞባይል ሲልክ የሚሰጠውን ቁጥር መሣሪያው ላይ ያስገባል፣ ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያው ይቆለፋል። ለሠሪው ድካም ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ አሠራሩም በአንድ ጊዜ ከፍለው መግዛት ለማይችሉ በር ከፍቷል። ነገር ግን ፀሐይዋ ሰሌዳው ላይ እያበራች መብራቱ በዕዳ ተቆልፎ ልጅ በጨለማ የሚቀመጥበት ሁኔታ ሕሊናን ሊያስጨንቅ ይገባል።

ኦሪት ዘዳግም ለዚህ የሚሆን ሕግ አለው። አበዳሪ ወፍጮን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ያ የሰውን ሕይወት መውሰድ ነውና፤ የድሀውን ልብስ በመያዣነት ከወሰደም ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲመልስለት ያዝዛል፣ ድሀው ለብሶት ያድራልና። ሕጉ ዕዳን አልሰረዘም፤ ሌሊቱን ግን ከዕዳ አስጥሏል። ሶላርን በዱቤ የሚያቀርቡ ድርጅቶች በዚህ ሕግ መንፈስ ቢሄዱ፣ ዕዳው ቢዘገይም ቢያንስ አንዲት አምፖል እንዳትቆለፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ይህ ለመሣሪያ ሠሪዎች ከባድ ሥራ አይደለም።

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያቀርቡም የወንጌልን ምሳሌ መጥቀስ ይችላሉ፤ ከዐሥሩ ደናግል ልባሞቹ ዘይታቸውን ለሰነፎቹ አላካፈሉም፣ እያንዳንዱም ዕቃውን ራሱ ሊያዘጋጅ ይገባል ሊሉ ይችላሉ። ምሳሌው ግን ስለ ድህነት አይናገርም፤ ዐሥሩም መብራት ነበራቸው፣ ዐሥሩም የመዘጋጃ ጊዜ ነበራቸው፤ አምስቱ የተወቀሱት ስለ ቸልተኝነት ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የመናው ታሪክ ነው። በምድረ በዳ መና ለሁሉ ዘነበ፣ እያንዳንዱም ወጥቶ ለቀመ፣ ሲሰፈር ግን ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ የለቀመው ትርፍ፣ ጥቂት የለቀመውም ጉድለት አላገኘም። ለቀማው የሰው ሥራ ነበር፣ መሥፈሪያው ግን የጋራ ነበር። ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል፦ ጸጋው የሁሉ ሆኖ የሚቀጥለው መቀበያው የጋራ ሲሆን ነው።

የጋራ መቀበያ ሕልም እንዳልሆነ የአገሪቱ ታሪክ ይመሰክራል። በሰሜን ሸዋ የሬማ መንደር ከጀርመን በተነሣው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት በፀሐይ ኃይል መብራት ያገኘው ሰሌዳ በማደል ብቻ አልነበረም፤ ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ፣ የተበላሸውን የሚጠግን ሰውም ከመንደሩ ራሱ ተገኘ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ቦንድ በገዛውና ደመወዙን በሰጠው ሕዝብ መዋጮ ጭምር የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዓባይንም ቢሆን ከባሕር አንሥታ በደመና ወደ ደጋው ያመጣችው ፀሐይ ናት። ለአንድ ግድብ የተቻለው ለአንድ አጥቢያ አይቸግርም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሶላር የሚገባው ወዴት ነው የሚለውም መለየት አለበት። ጧፍ የሚበራው ለማየት ብቻ አይደለም፤ መሥዋዕት ነው፣ እያበራ ያልቃል፣ ምእመኑም ከገንዘቡ ከፍሎ የሚያቀርበው ነው። የፀሐይ አምፖል ምንም ሳያልቅ ስለሚያበራ የጧፍን ቦታ ሊወስድ አይገባውም፤ ቦታው የቆሎ ተማሪው ሌሊት የሚቀጽልበት ጎጆ፣ የቅኔ ማኅሌቱ መጻሕፍት የሚነበቡበት አትሮንስና ግቢው ነው። በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን እንደተመሠረተው እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያሉ የቅርስ ሕንፃዎች ጣራም ሰሌዳ ሊሸከም አይገባም። ባትሪውም ሊታሰብበት ይገባል፤ ሰሌዳው 25 ዓመት ያህል ሲያገለግል ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይሞታል፤ እርሳስ ያለበት ባትሪ በየጓሮው ሲጣል አፈሩንና ውኃውን ይመርዛል፣ ከሁሉ ይልቅም ሕፃናትን ይጎዳል። ጸጋን የተቀበለ ሰው የጸጋውን ዕቃ ስብርባሪ በጎረቤቱ መሬት ላይ መጣል አይፈቀድለትም።

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ያሉ የሰበካ ጉባኤያት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና እድሮች እንግዲህ ሥራው የእነርሱ እንደሆነ ሊያውቁት ይገባል። የሰንበቴ ቤት ቆርቆሮ ወደ ደቡብ የሚያዘነብል ጎን አለው፤ እዚያ የሚሰቀል ሰሌዳ በመዋጮ ተገዝቶ፣ አንድ የአጥቢያው ወጣት ጥገናውን ተምሮ፣ ባትሪው ሲያረጅ ተመልሶ የሚሰበሰብበት ደንብ ወጥቶለት፣ መግዛት ያልቻሉት ጎረቤቶች በእምነት ሳይለዩ መብራታቸውን በነጻ የሚሞሉበት ይሁን። ከዓመታዊው መዋጮ ጥቂቱን ለዚህ መድበው ከመጪው መኸር በፊት ይጀምሩት።